ቤት የሌለው ልጅ በየትኛው ቤት ይመዝገብ?

ደብረ ማርቆስ ላይ በረንዳ አዳሪ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው የሚያጣው ጤና ጣቢያ አይደለም፤ ወረቀት ነው። ነፃ ሕክምና እንዲያገኝ ድኃ መሆኑን ቀበሌ ይመስክርለት ይባላል። ቀበሌ ደግሞ ነዋሪውን የሚያውቀው በቤት ቁጥር ነው። ቤት የሌለው ልጅ የቤት ቁጥር ከየት ያምጣ?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። ለብዙ ገበሬ እፎይታ ሆኗል፤ ይህን የሚክድ የለም። መክፈል የማይችሉትንም ነዋሪው ይመርጣል፣ መዋጯቸውን መንግሥት ይሸፍናል። ነገር ግን ምዝገባው በአባወራና በእማወራ ነው። ሁለቱም የሌሉት ልጅ፣ ከድኃም ድኃ የሆነው፣ ከድኃ መዝገብ ውጭ ይቀራል። ደጅ ጠንቶ በደብዳቤ የሚታከም አይጠፋም፤ መብት ግን በደጅ ጥናት አይገኝም።

የቆሎ ተማሪውንም አትርሱት። በዲማና በዋሸራ ቅኔ ቤቶች እንኮራለን፤ ከሩቅ መጥቶ ጎጆ ቀልሶ የሚማረው ልጅ ግን ስሙ ቢመዘገብ እንኳ ትቶት በመጣው ቀበሌ ነው።

የደጋ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ብርድ፣ ተፋፍጎ ማደር፣ ቅያሪ ልብስ ማጣት፣ ከዚያ ቅማል። ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ በርካሽ መድኃኒት ይድናል። ሆኖም መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ታማሚው ክፉኛ ሊንቀጠቀጥና ሊደክም ስለሚችል አልጋና ተከታታይ ያስፈልገዋል። ክኒን አስይዞ ወደ በረንዳ መመለስ ሕክምና አይባልም።

«በነፃ ካከምናቸው ሌሎችም ወደ ጎዳና ይወጣሉ» የሚሉ አሉ። ለክኒን ብሎ በማርቆስ ብርድ ውጭ የሚያድር ልጅ ማን አይቷል? «ገንዘብ የለም» የሚሉም አሉ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በአገሩ ሁሉ ነፃ ነው፤ አንዱ ካልዳነ ሌላው ይያዛልና። ቅማልስ ባለቤቱንና ቤት አልባውን ይለያል?

በበዓል ዳቦና ብርድ ልብስ ማደል መልካም ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 41 ወላጅና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት በአቅሙ መጠን የመርዳት ግዴታ የጣለው በመንግሥት ላይ ነው።

ጥያቄያችን አጭር ነው። ከተማ አስተዳደሩ እነዚህን ልጆች ያለ ቤት ቁጥር፣ በቡድን፣ የመድን አባል ያድርጋቸው። ምስክራቸው ጤና ጣቢያው ወይም የኔታ ይሁኑ። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ሲጀምር ይህች አንዲት መስመር ትግባበት። የምክር ቤት አባል የምታውቁ፣ አድርሱልን።