ቁልፍ ለማዞርም በጀት ይጠየቃል?

እናንተ የዩኒቨርሲቲ ሹማምንት ሆይ፣ እስቲ ዛሬ ቁርጡን እንነጋገር!

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የብሬይል መጻፊያዬን፣ ስሌትና ስታይለሴን፣ በፌስታል አንጠልጥዬ ነው። መጽሐፍ የሚያነብልኝ ፍለጋ ከዶርም ዶርም እየዞርኩ፣ ሻይ እየጋበዝኩ፣ የማላየውን ፊት እየለመንኩ ተመረቅሁ። ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሚያንገበግበኝ የእኛ መከራ ለዛሬዎቹ ልጆች መልስ መሆኑ ነው። “የፊተኞቹስ እንዲሁ ተምረው የለም እንዴ?” ይሏቸዋል።

የዛሬው ተማሪ አንባቢ አይለምንም፤ ስልኩና ኮምፒዩተሩ ያነቡለታል። ኤንቪዲኤ የሚባለው ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም እንኳ በነጻ ይገኛል። መምህሩ ግን ሃንድአውቱን ፎቶ አንስቶ “ፒዲኤፍ” ብሎ ይልክለታል። ፎቶ ሥዕል እንጂ ፊደል አይደለምና ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ጭጭ ይላል። በኮምፒዩተር የተጻፈውን ዋናውን ፋይል መላክ ስንት ብር ይፈጃል?

በአንድ ግቢ ያገኘኋት ባለ ዊልቸር ልጅ ደግሞ የምትማረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጓደኞቿ በየቀኑ ተሸክመው ያወጧታል። ምድር ቤት ያለው ክፍል ተቆልፎ ይውላል! ክፍል ቀይሩልኝ ብትል “በጀት የለም” አሏት። ወይ ጉድ! ቁልፍ ለማዞርም በጀት ይጠየቃል?

ሕግ የለም እንዳትሉን። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 በአንቀጽ 40 ክፍል ስለማዛወር፣ ስለ አማራጭ ፈተና፣ ስለ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ጽፎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አጸደቀች። በ2011 ዓ.ም. አዋጁ በ1152/2011 ተተካ። አዋጁ ተለወጠ፤ የሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ግን ያው ነው። ለምን ቢባል፣ በ2001ዱ አዋጅ ላይ “ሁኔታውና ሀብቱ እስከፈቀደ” ዓይነት ቀዳዳ ነበረች። ሹሙ ሁሉ ዛሬም በዚያች ቀዳዳ ይሾልካል፤ ዊልቸሯ ግን አትሾልክም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር መጥቷል። ጽሑፍ አንባቢ ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጥ ዓይነ ስውር ምኑን ነው የሚፈተነው? እውቀቱን ወይስ ዕድሉን?

ምጽዋት አልጠየቅንም። ሊፍቱም ለጊዜው ይቆይ። ቁልፉ ይዙር፣ ፋይሉ ይላክ፣ ሰዓቱ ይጨመር። ይህን እንኳ እምቢ ካላችሁ፣ “አቅም የለንም” ማለቱን ተዉና “ፈቃድ የለንም” በሉን። ቁርጥን ማወቅ ደግ ነው!