የአምደወርቅ ጋራዥ መብራት ከመኪና ባትሪ ይነሳ

ፍሬን የሚፈታው፣ የካምቢዮ ዘይት ከየት እንደሚንጠባጠብ የሚታየው፣ የተላጠ ሽቦ የሚገኘው መኪና ሥር ነው። መኪና ሥር ደግሞ በቀትርም ይጨልማል። ሆኖም በአነስተኛ ጋራዦቻችን መብራት እንደ መሣሪያ አይቆጠርም። ቁልፍ ወይም ክሪክ የሚገዛ መካኒክ ብረቱን ያገላብጣል፣ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፣ የተሠራበትን አገር ይጠይቃል። መብራት ላይ ሲደርስ ግን ሱቁ ውስጥ ያገኘውን ያነሳል፤ አለዚያም አንድ አምፖል በረጅም ገመድ አንጠልጥሎ ሶኬት ላይ ይሰካል። ይህ ልማድ በየትኛውም ከተማ ጉዳት አለው። በዋግ ኽምራ ዞን የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ እንደሆነችው እንደ አምደወርቅ ባለ ቦታ ግን ጉዳቱ ይብሳል። ለእንዲህ ያለ ከተማ የሚበረክተው የሥራ መብራት በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራ፣ ሲበላሽም እዚያው ከተማ ውስጥ ተከፍቶ የሚጠገን መብራት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሌላው መመዘኛ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ የኃይሉን ነገር እንይ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ዋግ ኽምራ ሲደርስ፣ የዞኑ ዋና ከተማ ሰቆጣና አካባቢዋ መብራትም ስልክም ባንክም ተቋርጦባቸው ረጅም ጊዜ ቆይተዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሕዝቡ ብዙ ነገር ያለ ኤሌክትሪክ መሥራትን ተምሯል። ሰላም በሆነበት ጊዜም ቢሆን በረጅም መስመር ጫፍ ላይ ያለ ከተማ መብራት መጀመሪያ የሚቋረጥበትና መጨረሻ የሚጠገንለት ነው። ቮልቴጁ ወርዶ አምፖሉ ይደክማል፤ ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ ድንገት ከፍ ብሎ መጥቶ የኤልኢዲ አምፖልን የውስጥ ሰርኪት ያቃጥላል። ፋብሪካው 25 ሺህ ሰዓት ይሠራል ያለው ኤልኢዲ በወራት ውስጥ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ብርሃን ሰጪው ክፍል ሳይሆን 220 ቮልቱን የሚያወርድለት ትንሹ ሰርኪት ነው። መኪና ተሸክሞት የሚመጣው ባትሪ ግን ይህ ሁሉ አያገኘውም። ጋራዥ ውስጥ ኃይል ጠፋ ማለት የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ሊጠገን የገባው ተሽከርካሪ ሁሉ የኃይል ምንጩን ይዞ ነው የሚገባው።

ሁለተኛው ነገር የብርሃኑ መጠን ነው። የአውሮፓ የሥራ ቦታ የመብራት ደረጃ ለተሽከርካሪ ጥገና 300 ሉክስ ይጠይቃል። ይህን ከልማዳችን ጋር እናነጻጽረው። ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል ወደ 800 ሉመን ገደማ ብርሃን ያወጣል። ጣሪያ ላይ በሦስት ሜትር ርቀት ሲሰቀል፣ ከግድግዳ የሚመለሰው ሳይታሰብ፣ ሥራው ላይ የሚደርሰው 7 ሉክስ ያህል ብቻ ነው። ያንኑ አምፖል ወደ ግማሽ ሜትር ብናቀርበው ብርሃኑ 36 እጥፍ አድጎ ወደ 250 ሉክስ ይጠጋል፤ ርቀት በስድስት ሲቀንስ ብርሃን በስድስት ጊዜ ስድስት ይጨምራልና። ስለዚህ ለመካኒክ ወሳኙ የአምፖሉ ዋት ሳይሆን መብራቱ ወደ ሥራው መቅረብ መቻሉ ነው። ጣሪያው ላይ ትልቅ አምፖል መጨመር ኮፋኖ ሥርና መኪና ሥር ላለው ጨለማ ምንም አይፈይድም፤ የመካኒኩን የራሱን ጥላ ያጠቁረዋል እንጂ። የሥራ መብራት ተንቀሳቃሽ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ተንቀሳቃሽ ሲሆን ደግሞ ይወድቃል፣ ይረገጣል፣ ዘይት ይነካዋል፣ ገመዱ በሹል ብረት ላይ ይጎተታል።

እዚህ ላይ 220 ቮልት የሚሸከም ገመድ አደገኛ ይሆናል። መካኒኩ ብዙ ጊዜ ላብ አጥምቆት፣ ጀርባውን እርጥብ መሬት ላይ አሳርፎ፣ እጁን ሻንሲ ላይ አድርጎ ነው የሚሠራው። በዚህ ሁኔታ የሰውነት ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅም ይወርዳል፣ ዙሪያው ሁሉ ብረት ነው፣ ለማምለጥም ቦታ የለም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ተከላ ደንብ እንዲህ ባለ ጠባብና በብረት በተከበበ ቦታ የእጅ መብራት በዝቅተኛ ቮልት፣ ከ50 ባልበለጠ፣ እንዲሠራ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ቤንዚን ሲጨመርበት ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መኪና ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የቢጫ አምፖል ክር ሲበራ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ብርጭቆው በተሰበረበት ቅጽበት ያ ክር ትነቱ ውስጥ ተራቁቶ ይገባል። አንድ አምፖል ከእጅ ወድቆ መሰበሩ በጋራዥ ውስጥ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ሰው የሚቃጠለው ግን እንዲህ ባለው ተራ ነገር ነው።

እንግዲያው ቻርጅ የሚደረገው የእጅ መብራትስ? ገመድ የለውም፣ አይነዝርም፣ ግንባር ላይም ይታሰራል። ጥሩው በእርግጥ ጥሩ ነው፤ ጠባብ ቦታ ለማየትም እሱን የሚተካ የለም። ችግሩ ገበያችንን የሞላው ዓይነት ነው። አብዛኞቹ ውስጣቸው ያለው ዲያሜትሩ 18 ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነ የሊቲየም ድንጋይ ነው። የዚህ መጠን እውነተኛ ድንጋይ ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል። ላዩ ላይ 9,900 ተብሎ ከተጻፈ ጽሑፉ ውሸት ነው፤ በዚያ መጠን ውስጥ ያን ያህል ኃይል የሚይዝ ድንጋይ ገበያ ላይ የለም። ሉመኑም እንዲሁ እየተጋነነ ይጻፋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን አካሉ በሙጫ የታሸገ መሆኑ ነው። ድንጋዩ ሲደክም መብራቱ በሙሉ ይጣላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ምናለሽ ተራ ወስዶ ከሌላ ዕቃ በወጣ ድንጋይ ሊያስነሳው ይችል ይሆናል፤ አምደወርቅ ያለ ሰው ግን አዲስ መግዛት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረግ መብራት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ በብሎን ይከፈታል ወይ፣ ድንጋዩስ ወጥቶ ይቀየራል ወይ የሚል ቢሆን እመክራለሁ። የማይከፈት ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው።

ከዚህ የተሻለው መፍትሔ መለዋወጫ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ለጭነት መኪና ተብለው የሚሸጡት፣ አካላቸው አሉሚኒየም የሆነ፣ ከ9 እስከ 32 ቮልት የሚቀበሉ የኤልኢዲ መብራቶች የተሠሩት መንገድ ላይ ለሚንገጫገጭ፣ አቧራና ዝናብ ለሚመታው መኪና ነው። ደህናዎቹ አይፒ 67 የሚል ምልክት አላቸው፤ ስድስቱ አቧራ እንደማያስገባ፣ ሰባቱ ለአጭር ጊዜ ውኃ ውስጥ ቢገባ እንደማይጎዳ ያመለክታል። ከ9 እስከ 32 ቮልት መቀበሉ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ባጃጁና ሚኒባሱ 12 ቮልት ናቸው፤ አይሱዙው አብዛኛውን ጊዜ 24 ነው። ይህ መብራት ከሁሉም ጋር ይሠራል። ባለ 18 ዋቱ በ12 ቮልት 1.5 አምፔር ብቻ ይወስዳል፤ ከአንድ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 20 ሰዓት ያበራል። ከ1,000 ሉመን በላይ የሚያወጣ ከሆነ፣ ብርሃኑን ሰፋ አድርጎ ቢበትነውም በአንድ ሜትር ርቀት 300 ሉክስ ያሟላል። አምስት ሜትር ጎማ ልባስ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ሁለት መቆንጠጫ፣ ከኋላው መንጠቆ ወይም ማግኔት ከተጨመረለት ማንኛውም ኤሌትራውቶ (የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ) በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራዋል። የሠራው ሰው ደግሞ ሲበላሽ ይጠግነዋል። ሲገዛ ግን ብርሃኑን ሩቅ የሚወረውረው ሳይሆን አስፍቶ የሚበትነው ዓይነት ይመረጥ፤ የመጀመሪያው ለሌሊት ጉዞ እንጂ ለጥገና አይሆንም፣ ዓይንንም ይወጋል። የብርሃኑ ቀለምም ይታይ። እጅግ ሰማያዊ የሆነ ብርሃን ሥር ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና የጠቆረው የሞተር ዘይት ሊምታቱ ይችላሉ፤ ቡናማና ቀይ ሽቦም እንዲሁ።

የደንበኛው ባትሪ ያልቃል የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ትክክል ነው፤ የደከመ ባትሪ ይዞ የመጣ መኪና ላይ መብራት መሰካት ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ጋራዡ የራሱ አንድ ባትሪ ይኑረው። ሞተር ለማስነሳት አቅም ያነሰው አሮጌ ባትሪ 1.5 አምፔር ለመስጠት ብዙ ጊዜ አያንስም። 50 ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ሰሌዳ በዋግ ፀሐይ በቀን ለአምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ፣ ሲሶው ባክኖም ቢሆን ባለ 18 ዋቱን መብራት ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ያስሄዳል። 12 ቮልትም ቢሆን ብልጭታ ያወጣል የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። የመኪና ባትሪ ሰው ባይነዝርም፣ ሁለቱ ሽቦ ሲነካካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ለቆ ገመድ ያቀልጣል፣ ትነትም ይለኩሳል። ስለዚህ ባልቦላ (ፊውዝ) ከባትሪው አጠገብ፣ ከ3 እስከ 5 አምፔር ባለው መጠን መግባት አለበት፤ መቆንጠጫው መጀመሪያ ይያዝ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ከጉድጓዱ ውጭ ይሁን። የነዳጅ ታንከር ሲወርድ ወይም ሲከፈት ግን ለዚያ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ብልጭታ የማያሳልፍ መብራት ካልሆነ በስተቀር የትኛውም መብራት አይጠጋ። እንዲህ ያለ ሥራ ደጅ፣ በቀን ብርሃን ይሠራ።

ስልክ እያለን ምን መብራት ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። የስልክ መብራት በጥቂት አሥሮች ሉመን የሚለካ ነው፤ አንድ እጅ ይይዛል፣ ዘይት ላይ ይወድቃል፣ የሚበላሸውም የሰውየው ውድ ንብረት ነው። ፍሬን በአንድ እጅ አይፈታም። የዋጋው ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ገና በማኅበር ተደራጅቶ ሥራ የጀመረ ወጣት ርካሹን የሚያነሳው ስለማያውቅ ሳይሆን ስለማይችል ነው። ነገር ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በተገዛ ቁጥር ይህን ልዩነት ያስከፍላል። በየጥቂት ወሩ የሚጣል መብራት በየጥቂት ወሩ አዲስ ምንዛሪ ነው። ገመዱ በገመድ፣ መቆንጠጫው በመቆንጠጫ የሚቀየር መብራት ግን ከውጭ የሚመጣ ነገር የሚፈልገው አንዴ ነው።

ይህ ሁሉ በመካኒኩ ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል የለበትም። ለገጠር የሚሸጡ አነስተኛ የፀሐይ ፋኖሶች ላይ የዓለም ባንክ ቡድን ላይቲንግ አፍሪካ በተባለው መርሃ ግብሩ የጥራት ፍተሻ ሲጀምር፣ የሚፈተሸው በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ብርሃንና የሚያበራበት ሰዓት እውነት መሆኑ ነበር። ለሥራ መብራትም እንዲህ ያለ ፍተሻ አገራችን ያስፈልጋታል፤ 9,900 ብሎ የጻፈ ድንጋይ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ የሚገባው ሐሰተኛ ዕቃ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ለአውቶ መካኒክ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራ አድርገው የራሱን ባለ 12 ቮልት መብራት ቢያሠሩት፣ ባልቦላ፣ የሽቦ ውፍረትና የአምፔር ስሌት በአንድ ዕቃ ላይ ይማራል፤ ሲመረቅም ይዞት ይወጣል። ለማኅበራት መሣሪያ ገዝተው የሚያከፋፍሉ መሥሪያ ቤቶችና ረድኤት ድርጅቶች ደግሞ በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ከ9 እስከ 32 ቮልት የሚቀበል፣ በብሎን የሚከፈት፣ አቧራና ውኃ የማያስገባ የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ፍሬኑ በደህና ብርሃን የተፈተሸ አይሱዙ ግን የዋግን ቁልቁለት ሰው ጭኖ ይወርዳል።