ዝሆን የጣለውን ሰው ማን አነሳው?

ኒውዮርክ የሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገብታችሁ የምታውቁ፣ በአፍሪካ አጥቢ እንስሳት አዳራሽ መሀል የቆሙትን ዝሆኖች አትረሷቸውም። አዳራሹ በካርል ኤክሊ ስም የተሰየመ ነው። ኤክሊ ታክሲደርሚስት ነበር፤ የሞተ እንስሳን ቆዳ በሕይወት ያለ አስመስሎ የሚያቆም ባለሙያ ማለት ነው። ጄይ ከርክ ስለ እሱ የጻፈውን «ኪንግደም አንደር ግላስ» በሰመር እረፍት አነበብኩት።

መጽሐፉን ለጓደኞቼ ሳወራ ሁሉም የሚወዱት የነብሩን ታሪክ ነው። በ1896፣ እኛ አድዋን በምናስብበት በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት፣ ኤክሊ ሶማሌላንድ ውስጥ ያቆሰለው ነብር ዘሎ ክንዱን ነከሰው። እሱም አንቆ ገደለው። እኔ ግን የወደድኩት ሥራውን ነው። ከእሱ በፊት ብዙዎቹ ቆዳውን በጭድና በመሳሰለው ጠቅጥቀው ይሰፉት ነበር። ኤክሊ እንስሳውን ለክቶ፣ ጡንቻውን አንድ በአንድ በሸክላ ጭቃ ቀርጾ፣ ከዚያ ቅርጽ ላይ ቀላልና ውስጡ ባዶ የሆነ አካል አውጥቶ ቆዳውን ያለብሰዋል። አናቶሚ ተፈትኖ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ይገባዋል።

ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው። በ1910 ኬንያ ተራራ ላይ አንድ ዝሆን ጥሎት ተጫነው። ጉንጩ ተቀደደ፣ የጎድን አጥንቶቹ ተሰበሩ፣ ሳንባው ተጎዳ። አብረውት የነበሩት የሞተ መስሏቸው ለሰዓታት ብርድ ላይ ተኛ። ሚስቱ ዴሊያ ወሬው እንደደረሳት ሰዎች አስተባብራ ጫካውን አቋርጣ ሄደች፤ ተሸካሚዎቹ ከተራራው አወረዱት፤ እሷ አስታመመችው። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ነርስ ልሆን የምማር ሰው መሆኔ አልለቀቀኝም። ያንን ቁስል ማን አጠበው? ማን አገላበጠው? ሳንባው የተጎዳን ሰው በዚያ ቁልቁለት ተሸክሞ ማውረድ እንዴት ያለ ሥራ ነው?

ኤክሊና ዴሊያ በ1923 ተፋቱ። አዳራሹ ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ብቻ ነው። ቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ውስጥ ከሚዋጉት ሁለት ዝሆኖች አንዱን የገደለችው ግን ዴሊያ ናት። የተሸካሚዎቹ ነገርማ ይብሳል። ኤክሊ በ1923 ባሳተመው የራሱ መጽሐፍ ውስጥ አዋቂ ወንዶች «ቦይስ» ናቸው። ለዓመታት አብሮት የሠራው ኪኩዩ ልጅ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተሰጥቶታል፤ የምዕራፉ ርዕስ «ቢል» ይላል። ስሙ ዊምቢያ ጊኩንጉ ነበር።

ኤክሊ ክፉ ሰው ነበር እያልኩ አይደለም። በ1921 ለሙዚየሙ ጎሪላዎች ከገደለ በኋላ ልቡ ተመልሶ፣ እንስሶቹ እንዲጠበቁ የቤልጅየሙን ንጉሥ ወተወተ። በ1925 የተቋቋመው ፓርክ ዛሬ ቪሩንጋ የምንለው ነው። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ታሞ ሞተ፤ የተቀበረውም በሚኬኖ ተራራ ነው። ይህ ሁሉ ሊነገርለት ይገባል። ከእሱ ጎን የነበሩት ሰዎች ግን ለምን የእሱ ታሪክ ማጣፈጫ ብቻ ይሆናሉ?

ምናልባት ነገሩን ከልክ በላይ ወደ ራሴ ወስጄው ይሆናል። በክሊኒክ ልምምድ ላይ እንደማየው፣ በሽተኛው ድኖ ሲወጣ ቤተሰቡ የሚያነሳው የቀዶ ሐኪሙን ስም ነው። ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ ስታገላብጠው የነበረችውን ስም የሚጠይቅ ብዙም የለም። በዚህ አገር ይህን ሥራ ከሚሠሩት ውስጥ የእኛዎቹ እናቶች ብዙ ናቸው። የእኔም እናት አንዷ ናት። ባጇ ላይ ያለውን ስም እንኳ አሳጥረው ነው የሚጠሯት።

የሙዚየሞቹ ጽሑፍ ላይ ዴሊያና ዊምቢያ ጊኩንጉ ቢጨመሩ የሚጠፋው ሁለት መስመር ቦታ ነው። ዴሊያ በ1930 «ጃንግል ፖርትሬትስ» የሚል የራሷን መጽሐፍ አሳትማለች። በኮሌጃችን ላይብረሪ ፈልጌ አጣሁት፤ ከእናንተ መካከል ያለው ካለ እባካችሁ አውሱኝ።