መርማሪውን ከመርገም ማመልከቻውን መመርመር

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። ለሟች የምንሰጠውን ይህን ክብር ለገበያ ስማችን ግን እንነፍገዋለን። ነጋዴያችን ለመጋዘኑ ሦስት ቁልፍ ይገዛል፤ ለመኪናው ዘበኛ ይቀጥራል፤ ዕድሜውን የገበረበትን ስም ግን ደጅ ላይ ጥሎት ያድራል። ሌላው ሲያነሳበት ጩኸቱ አገር ያምሳል። አስመዝግብ ሲባል ደግሞ የተውሶ ስም ይዞ ይሄድና ማመልከቻው ሲመለስበት «መርማሪው አስቸገረኝ፤ ጉቦ ፈልጎ ነው» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ ወሬ ጋር ነው።

ለመሆኑ የመርማሪው ሥራ ምንድን ነው? የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ስውር አይደለም። ምልክት ማለት የአንዱን ነጋዴ ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይ ማለት ነው። መለየት ካልቻለ ምልክት አይደለም፤ አለቀ። «ጣፋጭ ማር» የሚለውን ለማር ላስመዝግብ የሚል ሰው የሚጠይቀው ምልክት ሳይሆን የአማርኛን ቋንቋ በሞኖፖል ነው። ነገ ጎረቤቱ «የእኔም ማር ጣፋጭ ነው» ቢል ሊከሰስ ነው? እንግዲህ መርማሪው እምቢ ሲል ለማን ብሎ ይመስላችኋል? ለዚያ ጎረቤት፣ እንዲሁም ለእኔና ለእናንተ ለሸማቾቹ ነው።

ጆርጅ ኢስትማን በ1888 እ.ኤ.አ. ለካሜራው «ኮዳክ» የሚል ስም ሲያወጣ ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም አልነበረውም። ጉልበቱም ይኸው ነበር። «አፕል» የሚለው ቃል ፍራፍሬ ለሚሸጥ ምንም አይፈይድም፤ ኮምፒዩተር ለሚሸጠው ግን ሀብት ሆነ። እኛ በግዕዙ፣ በአማርኛው፣ በኦሮምኛው፣ በትግርኛው የቃል ጎተራችን ሞልቶ ሳለ ስም ከባሕር ማዶ እንለምናለን። የሰውን ክብ አረንጓዴ ምልክት ጥቂት ጠምዘዝ አድርጎ በቡና ቤቱ በር ላይ የሰቀለ ሰው «ይመሳሰላል» ሲባል መቆጣቱ የሚያስቅ ነው። እንዲመሳሰል ብሎ አልነበረም እንዴ የሠራው?

ሌላው በሽታ አለማንበብ ነው። የንግድ ስም አለኝና ምልክቴም ተጠብቋል ብሎ የሚተኛ ነጋዴ ብዙ ነው። የንግድ ስም ድርጅቱ የሚጠራበት ነው፤ የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃው ወይም አገልግሎቱ የሚታወቅበት። አንዱ ሌላውን አይተካም። ዕቃና አገልግሎት በኒስ አመዳደብ በ45 መደቦች ይከፈላል። የታሸገ ቡና መደብ 30 ነው፤ ቡና ቤት ግን መደብ 43። ለቆርቆሮው አስመዝግቦ ለቤቱ የረሳ ሰው ግማሽ አጥር ያጠረ ሰው ነው፤ ጅቡ በቀረው በኩል ይገባል። የተመዘገበ ምልክትም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ቀኑን የሚቆጥርለት መርማሪው አይደለም።

ትልቁ ምሳሌ ግን ከቤታችን የወጣ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልቁጠራቸው። በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋ ጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተ። ስታርባክስ ደግሞ «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበትን ስም በ2004 ቀድሞ አመልክቶ ነበር፤ ኋላ ተወው። ይርጋ ጨፌ አለፈ። በሐረርና በሲዳሞ ላይ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ መርማሪዎቹም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል ብለው መለሷቸው።

የእኛ ሰዎች ያን ጊዜ ምን አደረጉ? «ፈረንጅ ናቀን» ብለው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቢከቱት ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር። አላደረጉትም። ስሞቹ በሸማቹ ዘንድ ተራ የቡና መጠሪያ አለመሆናቸውን፣ የአንድን ምንጭ ቡና ከሌላው የሚለዩ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ሰብስበው በጠበቃ አፍ መለሱ። በ2007 ስታርባክስ የኢትዮጵያን የስም ባለቤትነት የሚያውቅ ስምምነት ፈረመ። ሲዳሞ በ2008 ተመዘገበ፤ ሐረርም ተከተለ።

«ይህ ሁሉ የመጣው በኦክስፋም ዘመቻ ነው» የሚሉ አሉ። ዘመቻው በ2006 ኩባንያውን ወደ ጠረጴዛ መግፋቱን አልክድም። ዳሩ ግን መርማሪ የሰልፈኛ ብዛት አይቆጥርም። ፊቱ የቀረበለትን ጥያቄና መልስ ያመዛዝናል። ጩኸት ኩባንያን ያሳፍር ይሆናል፤ ውድቅ የተደረገ ማመልከቻን የሚያነሳው ግን ማስረጃ ነው።

እርግጥ ነው፣ መርማሪም መልአክ አይደለም። ምክንያቱን ሳይገልጽ «አይሆንም» ብቻ ብሎ የሚመልስ መርማሪ ካለ እሱ መርማሪ ሳይሆን የበር ዘበኛ ነው። ለሁለት ተመሳሳይ ማመልከቻ ሁለት ዓይነት መልስ የሚሰጥም ሊጠየቅ ይገባዋል። ይህን መጠየቅ የሚችለው ግን የራሱን ወረቀት አጥርቶ የያዘ አመልካች ብቻ ነው። እምቢታውን በጽሑፍ ይቀበል፤ ነጥብ በነጥብ፣ በቀነ ገደቡ ውስጥ፣ በጽሑፍ ይመልስ። ስሙን በሥራ ላይ ያዋለበትን ዘመን፣ የሸጠበትን ደረሰኝ፣ ያሳተመውን ማሸጊያና ያወጣውን ማስታወቂያ ያያይዝ። ስሙን ከመምረጡ በፊት ቀድሞ የተመዘገበ መኖሩን ያጣራ። የሌሎች ማመልከቻ ለተቃውሞ ሲታወጅ ደግሞ ጋዜጣውን ገልጦ ያንብብ። የተቃውሞው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ለቅሶና ሠርግ ሲመላለሱ ያልቃል።

እኛ ግን የምንቀናው ወደ ዘመድ ነው። «እዚያ መሥሪያ ቤት የምታውቀው ሰው አለ?» የመጀመሪያ ጥያቄያችን ይኸው ሆኗል። እሺ፣ ዘመድ ተገኘና ደካማው ስም በጓሮ በር ተመዘገበ እንበል። ተፎካካሪው ሲከስና ዳኛ ፊት ሲቆም ያ ዘመድ የት ይገኛል? ለምዝገባው የዋሸው ወረቀት በችሎት ላይ ሌላ እውነት አይወልድም። መርማሪው ዛሬ በደብዳቤ የጠየቀውን ጥያቄ ተፎካካሪው ነገ በክስ ይጠይቀዋል፤ ልዩነቱ የነገው ዋጋ መናሩ ነው።

በይርጋ ጨፌ ጓሮ ቡና የሚለቅም ገበሬ የአሜሪካን መርማሪ አያውቀውም። ስሙ ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ተከራክሮለታል። የመርካቶው ነጋዴ መርማሪ በአውቶቡስ የሚደርስበት ቦታ ነው ያለው። መልስ የሚሻ ደብዳቤም በእጁ ነው። ይመልስበት።