አዲሱን የኢንተርኔት አድራሻ በጨረታ ሰነድ እንጠይቅ

ኢንተርኔት የሚጠቀም መሣሪያ ሁሉ መልእክት የሚደርሰው በቁጥር አድራሻው ነው። ዛሬም በብዛት የምንገለገልበት አይፒቪ4 እ.ኤ.አ. በ1981 ሲደነገግ የአድራሻው ርዝመት 32 ቢት እንዲሆን ስለተወሰነ፣ ያለው ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ኔትወርኩ በአመዛኙ የዩኒቨርሲቲና የጦር ኃይል በነበረበት ዘመን ይህ ከበቂ በላይ ነበር። በ2011 ግን የዓለሙ ቋት የመጨረሻዎቹን ጥቅሎች ለአምስቱ የአህጉር መዝጋቢዎች አከፋፍሎ ባዶ ቀረ። የአፍሪካው መዝጋቢ አፍሪኒክም ከ2020 ወዲህ ለአንድ አመልካች በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ አይሰጥም። ደንበኞቹ በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ኩባንያ ይህ ምን ይሠራለታል? ባለ 128 ቢቱ አይፒቪ6 ደግሞ ከ1998 ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ኔትወርኳን ገና በመዘርጋት ላይ ያለችው ኢትዮጵያ ሽግግሩን የምታሳድርበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ማጋራቱ እየሠራ ሳለ ለምን ወጪ እናወጣለን የሚሉ አሉ። መጋራቱ ኢንተርኔትን እስካሁን እንዳቆየው አይካድም፤ ዕዳው ግን ተጠቃሚው ላይ ነው የሚያርፈው። አንዱ ተጋሪ አጭበርብሮ አድራሻው ሲታገድ ምንም ያላጠፉት ሌሎቹም አብረው ይታገዳሉ። ወንጀለኛውን ለይቶ ማግኘትም ይከብዳል፤ የአውሮፓው የፖሊስ ተቋም ዩሮፖል በ2017 መጋራቱ እንዲቀር የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የራሱን አድራሻ የሚፈልግ ጀማሪ ድርጅትም በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል፤ የአማዞን የክላውድ አገልግሎት ከ2024 ጀምሮ ለአንድ የአይፒቪ4 አድራሻ በዓመት ወደ 44 ዶላር ያስከፍላል። መጋራት ከሰርጎ ገብ ይከላከላል የሚለው ክርክርም አያሳምንም፤ መከላከል የፋየርዎል ሥራ ነው፣ ፋየርዎል በአይፒቪ6ም ይሠራል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሁለቱ ሥርዓቶች በቀጥታ የማይግባቡ መሆናቸው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ለመሐንዲሶች ድርብ ሥራ ነው፣ ይህን አቅልሎ ማየት ተገቢ አይደለም። የሚያቀለው ግን አዲስ ሲዘረጋ ከጅምሩ በአዲሱ መዘርጋት ነው። የህንዱ የሞባይል ኩባንያ ጂዮ በ2016 አገልግሎት ሲጀምር ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ከህንድ ተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጎግልን የሚያገኙት በአይፒቪ6 ነው። አሮጌው ሥርዓት ላይ ያሉ ድረ ገጾች ደግሞ በአስተርጓሚ ዘዴ ይከፈታሉ፤ የአሜሪካው ቲ-ሞባይል በዚህ መንገድ ለዓመታት ሠርቷል። ያለውን ዕቃ ነቅሎ መጣል አያስፈልግም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና የቴሌኮም ኩባንያዎች ከአሁን በኋላ በሚያወጡት የጨረታ ሰነድ ላይ አይፒቪ6ን የግድ ያድርጉት፤ ራውተሩም፣ ሞደሙም፣ የሚገዛው ሶፍትዌርም። በርክክቡ ዕለት ቴክኒሻኑ አይፒቪ4ን አጥፍቶ ይሞክረው፤ ካልሠራ ክፍያው አይፈጸም።