ካርታው ከግቢው በር ይጀምር

የጂኦግራፊ ወይም የተፈጥሮ ሀብት ተማሪ ጂአይኤስ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይታወቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በመገልበጥ ያልቃል። ሶፍትዌሩ ሲከፈት መለማመጃው የባዕድ አገር ከተማ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተማሪው ያማረ ባለቀለም ካርታ ያስረክባል። ካርታው ቢሳሳት ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ቦታውን ረግጦት አያውቅማ!

አምቦ ላይ ተቀምጦ እንዲህ መጀመር ያሳዝናል። ሁሉቃ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ይፈሳል፤ ጉደር ቅርብ ነው። ስልክ የያዘ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ድልድዮቹን ዞሮ ነጥብ መውሰድ ይችላል። ገንዘብም ሰበብ አይሆንም። ኪውጂአይኤስ በፈረንጆቹ 2002 የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የላንድሳት ምስሎች ከ2008 ጀምሮ በነጻ ይገኛሉ፤ 10 ሜትር ድረስ አጥርቶ የሚያሳየው የሴንቲኔል 2 ምስልም እንዲሁ። ኔትወርኩ ካስቸገረ አንዱ አውርዶ ለሌላው ያካፍል፤ ፍላሹ ለዚህ ይዋል።

“ቀጣሪው የሚፈልገው አርክጂአይኤስ ነው” የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ መልመድ የሳምንታት ጉዳይ ነው። የማይታለፈው ሌላ ነው።

ለምሳሌ ጂፒኤስ የሚያነበው በደብሊውጂኤስ84 ነው። የቆዩት የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች ደግሞ የተሠሩት አዲንዳን በተባለው መነሻ ነው። ምዕራብ ሸዋ በሙሉ በዩቲኤም ዞን 37 ውስጥ ስለሆነ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፤ ተማሪውም ልብ ሳይል ይቀላቅላቸዋል። ልዩነታቸው ግን ከ200 ሜትር በላይ ነው። ግማሽ ሄክታር ማሳ እኩል ጎን ቢኖረው አንዱ ጎን 70 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በዚያ ስህተት የአንዱ ገበሬ ማሳ ሁለት ጎረቤት ዘሎ ሦስተኛው ላይ ያርፋል። ያ ተማሪ ነገ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ቢያዘጋጅስ?

ስምም ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ ሰንጠረዥ አምቦን በቁቤ ሁለት ኦ ጨምሮ ይጽፋታል፤ ሌላው በእንግሊዝኛ አንዱን ያስቀራል፤ ቆየት ያለ ሰነድ ደግሞ ሀገረ ሕይወት ይላታል። ኮምፒውተሩ ሦስት ከተማ አድርጎ ይቆጥራል። ይህን የውጭ መለማመጃ አያስተምርም።

ደግሞም በዚህ ዞን ካርታ እንደ ተራ ወረቀት አይታይም። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ የነበረውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በሚያዝያ 2006 አምቦ ላይ ተቃውሞ አስነስቷል፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ በብዙ የኦሮሚያ አካባቢዎች ተስፋፍቶ፣ በጥር ወር ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። መስመሩ በማን መሬት ላይ ተሰመረ፣ ማንስ ተጠየቀ የሚለው ጥያቄ ከሶፍትዌር መመሪያ አይገኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራ አንድ ቀበሌ ቢሆን ይሻላል። ተማሪው ይዙር፣ ይሳል፣ ያትመው። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ይመለስና ድንበሩን ለሚያውቁ አባቶችና እናቶች ያሳያቸው። እነሱ በእስክሪብቶ ያረሙበት ቅጂ ከንጹሑ ጋር ተያይዞ ይታረምለት።