የሽንኩርት ወሬ

  

በዚህ አምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ሠርግ ወጪና ስለ ወላጆች ሐቅ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ስለ ሽንኩርት እንጽፋለን። «ደግሞ ምን ነካቸው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሰን።

ሴቶች ቡና ከበው ሲቀመጡ የሚያወሩትን ወንድሞቻችን «የሴት ወሬ» ይሉታል። (እነርሱ ኳሱ ካለቀ በኋላ እስከ ዒሻ የሚያወሩት ምን ወሬ እንደሚባል እስካሁን የነገረን የለም።) ወሬያችን ትንንሽ መሆኑ እውነት ነው። ሽንኩርት ስንት ገባ፣ ውሃ በየትኛው ሌሊት መጣ፣ የየትኛው ወፍጮ ቤት ዱቄት ይሻክራል፣ ሊጡ በክረምት ለምን አልቦካ አለ፣ በርበሬው ውስጥ ኮረሪማ በዛ ወይስ አነሰ። ከዚህ ሁሉ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ አንድም ቁም ነገር የለም። እኛም ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ስናወራ ስንኖር ዋጋ ያለው ነገር አይመስለንም ነበር።

ቀድሞ የምንኖረው መርካቶ አካባቢ፣ አራት አባወራ በሚኖርበት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ቧንቧው አንድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ አንድ፣ ቡናው ደግሞ በተራ። ከዐስር ሶላት በኋላ ጀበና የጣደችው ሴት በሯን ከፈት ታደርጋለች፤ ጥሪው እሱ ነው፤ ልጅ መላክ አያስፈልግም። ከአራታችን አንዷ ክርስቲያን ነበረች። እርሷ ስትጾም የቡና ቁርሱ ቆሎ ብቻ ይሆናል። በረመዳን ደግሞ ቡናው ወደ ማታ ይገፋና እኛ ከተራዊሕ እስክንመለስ እንቅልፏን ይዛ ትጠብቀን ነበር።

በመካከላችን ሐሜት አልነበረም ብለን አንዋሽም። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን። «ስሟን አልጠራም እንጂ...» ብላ ወሬ የጀመረች ሴት የዕለቱን ሲኒ ታጥባለች። ብዙውን ሲኒ ያጠብነው እኛ ነን።

ሰፈሩ በ2008 ዓ.ም. ለልማት ሲነሳ ተበታተንን። እኛ ጀሞ ገባን። አንዷ እዚያው መርካቶ አካባቢ ቤት ተከራይታ ቀረች። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ሳሪስ ልጇ ዘንድ ሄደች። ዛሬ የምናወራላችሁ ወዳጃችን ደግሞ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ከጀሞ የካ አባዶ ማለት ከከተማይቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ማለት ነው፤ ሦስት ታክሲ ይጠይቃል፤ ዝናብ ከጣለ ቀኑ አለቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ የየዕለቱ ቡና በወር አንዴ፣ በእቁብ ቀን፣ መርካቶ በቀረችው ወዳጃችን ቤት የሚጠጣ ሆነ።

ጠባችንም የመጣው ከእቁቡ ነው። አንድ ወር ዕጣው ለእኛ ወጣ። ወዳጃችን ሴት ልጇን ልትድር ደርሳ ነበርና ተራውን እንድንለቅላት ጠየቀችን። እኛም የቤት ክፍያ ነበረብንና አልቻልንም፤ እስከዚህ ድረስ ነውር የለውም። ነውሩ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። በሌላ ሰው ቤት፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ፣ «ገንዘቡ ለድንኳኑ ነው እንጂ ለልጅቷ አይደለም» አልን። ተሳቀ። እንዲህ ያለ ቃል ታክሲ አይጠብቅም፤ ከእኛ ቀድሞ የካ አባዶ ገባ። ወዳጃችን ስልክ ደውላ «ደርሶኛል» ብቻ ብላ ዘጋችው። የሠርጉ ጥሪ ወረቀት ግን መጣልን። አልሄድንም።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሙስሊም ከወንድሙ ጋር ከ3 ቀን በላይ ተኮራርፎ መቆየት እንደማይፈቀድለት በዚሁ አምድ ላይ ጽፈናል። ስንጽፈው ስልኩ አጠገባችን ነበር። እርሷም አምዱን እንደምታነበው እናውቅ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን ከዙህር በኋላ የመርካቶዋ ወዳጃችን ደወለች። የዚያች ሴት ባለቤት ሌሊት ታሞ ጠዋት ወደ አኼራ ሄዷል። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። በታክሲው ውስጥ የምንለውን ስናዘጋጅ ስናፈርስ ደረስን። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። በየደረጃው ላይ ቆም ስንል ድካሙ ነው ወይስ ፍርሃቱ እኛም አልለየነውም። ብትመልሰንስ? በሰው ፊት ፊቷን ብታዞርብንስ? ስንገባ ቤቱ በማናውቃቸው ሴቶች ሞልቷል፤ አዳዲስ ጎረቤቶቿ ናቸው። ቀና ብላ አየችንና «ደረጃው ደከመሽ?» አለችን፤ ጠጋ ብላም አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልን። ሌላ ምንም አልተባለም። ያዘጋጀነው ንግግር እንደተቋጠረ ቀረ።

የተዕዝያው ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ያለውን ኑሮ ባል የሞተባት ታውቀዋለች። ሰው ይበተናል፣ የተዋሱት ብርጭቆ ይመለሳል፣ ምንጣፉ ይጠቀለላል። ለእርሷ ግን ዒዳው ገና መጀመሩ ነው። እርጉዝ ካልሆነች በቀር 4 ወር ከ10 ቀን፤ ወሩም የጨረቃ ወር ነው። በዚህ ጊዜ ኩል፣ ሒና፣ ሽቶና ጌጥ ትተዋለች፤ በቤቷ ትቆያለች። (ጥቁር የመልበስ ግዴታ ግን የለባትም፤ ይህን ብዙ ጊዜ ስለምንጠየቅ በዚሁ እንንገራችሁ።) አብዛኞቹ ዑለማዎች ለጉዳይዋ ቀን ቀን ብትወጣ፣ ሌሊቱን ግን በቤቷ ብታድር ይላሉ። ወዳጃችን ግን ሱቅ እንኳ አልወርድም አለች። ልጇ አግብታ ሄዳለች፣ ወንዱ ልጇ ሥራ ውሎ ማታ ነው የሚገባው። ከጠዋት እስከ መግሪብ አራት ግድግዳ።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቤት ሰው ሲሞት የተሰበሰቡት ሴቶች ከሄዱ በኋላ፣ ቤተሰቦቿና የቅርብ ሴቶች ብቻ ሲቀሩ፣ «ተልቢና» የሚባል የገብስ ሾርባ እንዲሠራ ታዝዝ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ያዘነን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ ሰምታለች። እኛ አገር አጥሚት አለን አይደል? አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.)፣ እዚሁ ሐበሻ ምድር ከባሏ ከጀዕፈር ጋር ዓመታት የኖረችውና ልጆች የወለደችው፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጀዕፈር ሙእታ ላይ ሲሰዋ ነቢዩ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራላቸው አዝዘዋል። ሐዘንተኛው ቤት ምግብ ሠሪ ሳይሆን ምግብ ተቀባይ ነው ማለት ነው። በየሰፈራችን ግን ስንት ጊዜ ሐዘንተኛዋ ራሷ ለለቀስተኛ ስትጥድ እናያለን!

ቀን ተከፋፈልን። ሰኞ የመርካቶዋ፣ ረቡዕ እኛ፣ ቅዳሜ የሳሪሷ። በሌላው ቀን ሦስተኛ ፎቅ ያለች አንዲት ወጣት ጎረቤቷ ታያታለች። ይህች ልጅ የጀበናውን ማስቀመጫ፣ የስኳሩን ጣሳ፣ ሁሉንም ለይታ ታውቀዋለች። እውነቱን ለመናገር ቀናንባት። ለሦስት ዓመት የእኛን ቦታ ይዛ የቆየችው እርሷ ናት።

በመጀመሪያዎቹ ረቡዓት ያመጣንላት አጥሚትና ትልልቅ ንግግር ነበር። ስለ ሶብር ተናገርን፣ ስለ አኼራ ተናገርን፤ ሁሉም እውነት ነው። እርሷም «አሚን» ትላለች፤ ከዚያ ዝም። ዕጣን አናጨስም ነበር፤ ለወትሮው ቡና ያለ ዕጣን አይሆንልንም፣ ሽታ ነገር ስለሆነ ግን ለጥንቃቄ ተውነው። ያለ ጭሱና ያለ ወሬው ቡናው የሰው ቤት ቡና መሰለን።

በ3ኛው ረቡዕ ግን ተናደን ገባን። የሽንኩርት ዋጋ በአንድ ሳምንት ዘልሎ ሁለት ኪሎ ልንገዛ ሄደን በግማሽ ኪሎ ተመልሰን ነበር። ፌስታሉን ወለሉ ላይ እያስቀመጥን ነጋዴውን ስናማርር ወዳጃችን ቀና አለች።

«ስንት ገባ?» አለች።

ባለቤቷ ከተቀበረ ወዲህ የጠየቀችን የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ነገርናት። «ውሸት!» አለች። «ቀዩ ነው ነጩ?» አለች። «ከየት በኩል ገዛሽው? ከነዚያ ከመንገድ ዳሮቹማ አትግዢ» አለች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሽንኩርት አወራን። ከዚያም ፌስታሉን ወደ ራሷ ስባ መላጥ ጀመረች። ስትልጥም አለቀሰች። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላው አልጠየቅናትም።

ከዚያ ወዲህ የውጭ ወሬ ለቃሚ ሆንን። ገበያ አቋርጠን ለመምጣት ብለን ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመን እንወርዳለን። ረዳቱ ከተሳፋሪ ጋር በመልስ ሲጨቃጨቅ ማን ምን እንዳለ እንይዛለን። የሳሪሷ ደግሞ ከሁላችን ትበልጣለች፤ የልጇን አከራይ አነጋገር ስታስመስል የሦስተኛ ፎቋ ልጅ ሳቅ ይዟት ወደ ማድ ቤት ትሸሻለች። ወዳጃችንም ወሬውን ቆጥራ ትይዛለች። «ያ ረዳት ባለፈው ሳምንት ያጣላው ጉዳይ ምን ደረሰ?» ብላ ትጠይቀናለች፤ እኛ ረዳቱን ዳግም አይተነው አናውቅም።

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር አነበብን። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ዘመቻ 70 ያህል ሰሐቦች ሲሰዉ ብዙ ሴቶች በአንድ ቀን ባል አልባ ሆኑ። ከታቢዒዩ ሙጃሂድ በተላለፈ ዘገባ፣ እነዚህ ሴቶች ሌሊቱ ብቸኝነት እንዳበዛባቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩ፤ እርሳቸውም ከመካከላቸው በአንዷ ቤት ተሰብስበው የፈለጉትን ያህል እንዲያወሩ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ግን እያንዳንዷ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ፈቀዱላቸው። ሙጃሂድ ከየትኛው ሰሐባ እንደሰማው አልተጠቀሰም፤ የፊቅህ ሊቃውንት ግን ስለ ዒዳ ሲጽፉ ያነሱታል። ለወዳጃችን አነበብንላት። ዝም ብላ ቆየችና «ምን ያወሩ ነበር ይሆን?» አለች። የመርካቶዋ «ስለ ቴምር ዋጋ ነዋ!» አለቻት።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ረቡዕ በረዶ ጣለ፤ መብራት ጠፋ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። አቦሉን እየቀዳች፣ ፊታችንን ሳታይ፣ «ያኔ ስለ ድንኳኑ ያልሽው፣ ብለሽው ነው ወይስ ሰው ጨምሮብሽ ነው?» አለችን።

ሰው ጨምሮብን ነው ማለት ይቻል ነበር። አፋችን ላይ ደርሶም ነበር፤ ጨለማው ደግሞ ለዚህ ያመቻል። ግን ብለነው ነበርና ብለነዋል አልናት። አፉ በለን አልን። ሠርጉም ላይ የቀረነው አፍረን መሆኑን ነገርናት። እርሷ እስከ ቶናው አልተናገረችም፤ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ እንሰማለን። ስኳር እንኳ አላቀረበችልንም፤ ተነሥተን ለመሄድም አሰብን።

ቶናውን ስትቀዳ፣ «እኔ ስላንቺ ያልኩትን ብትሰሚ ይህን ደረጃ አትወጪውም ነበር» አለችን።

ምን እንዳለች ጠየቅናት። አልመለሰችም። ረከቦቱን አንሥታ ወደ ማድ ቤት ገባችና ሲኒዎቹን ራሷ አጠበቻቸው፤ እስከዚያ ቀን እኛ ነበርን የምናጥበው። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልነገረችንም።

ዒዳዋ ዐርብ ቀን አለቀ። ልጇ መጥታ ሒና ቀባቻት። እኛም ቅዳሜ ሁላችን እዚያ ተሰብስበን ዱዓ አድርገን፣ ዕጣኑም ጨሶ ቡና ልንጠጣ ተቀጣጥረን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ስንለብስ ስልክ ጠራ። የመኪና ጡሩምባና የሸክም ሠራተኞች ጩኸት ይሰማል።

«መርካቶ ነኝ» አለች እየጮኸች። «ዋሽታችሁኛል! ሽንኩርቱ እናንተ ካላችሁት ረክሷል።»

በአራት ወር ውስጥ ዋጋው ወርዶ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርን፤ አልሰማችንም። ለእኛም ሁለት ኪሎ እንደገዛች፣ ሌሎቹን እየጠራች መሆኗን፣ ቡናው የካ አባዶ መሆኑ ቀርቶ ጀሞ እንዲሆን መወሰኗን ነገረችን።

«ስንተኛ ፎቅ ነሽ?» አለችን። ቤታችንን አይታው አታውቅም ነበርና።

ሦስተኛ ነው አልናት።